ዘሩን አየነው ማለት

«በዘራችን እንዲህ ያለ ነገር የለም» አለች አክስቴ፣ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ። ባሕር ዳር፣ አንዲት ጠባብ የሐኪም ክፍል ውስጥ ነን፤ እሷ ወንበሩ ላይ፣ እኔ በሩን ተደግፌ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ምን እንዳጠፋ አልገባውም። ያለው ይህን ብቻ ነበር፦ «እማማ፣ የልጅዎ ዕጢ የዘር ለውጥ ያለበት ይመስላል። ምስሉ ላይ ይታያል።» እሱ «ዘር» ሲል ዘረመል ማለቱ ነው። አክስቴ ግን የሰከላ ሰው ናት። ከሰከላ እስከ ቡሬ፣ ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ባለው አገር «ዘር» የሚለው ቃል የሚነሣው ወይ ማሳ ላይ ነው፣ ወይ ሽማግሌ ተልኮ ለጋብቻ ሲጠያየቁ። በሁለተኛው ቦታ ከተነሣ ቀልድ የለም። ልጁ ገብስ ሲያጭድ ወድቆ አረፋ ሲደፍቅ ያየው ሰው ሁሉ በልቡ ጠይቆ ያልተናገረውን፣ ሐኪሙ አፍ አውጥቶ የመለሰው መሰላት። ጣቶቿን እያጠፈች መቁጠር ጀመረች፤ የአባቱን ወገን እስከ ሰባት ቤት፣ የራሷን ወገን እስከ ሰባት ቤት። አንድም የሚጥለው አልተገኘም።

ነገሩ ሲገባው ሐኪሙ ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ። «ከእናንተ የመጣ አይደለም እማማ። ከአባቱም ከእርስዎም አልወረሰውም፤ እሱው ላይ የጀመረ ነው። ወደ ልጆቹም አይተላለፍም።» ደግ ንግግር ነበር፤ እውነትም ነበር። አክስቴ ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና «ታዲያ ከማንም ያልመጣ ዘር ምን ዘር ይባላል?» አለችው፤ ወዲያውም «ደግሞስ ማን አየው?»። ሐኪሙ ፈገግ አለ፤ ከበሩ ውጭ ብዙ ሰው ይጠብቀዋል። ሁለቱን ጥያቄዎች ይዤ የወጣሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ የተለያዩ ጥያቄዎች መስለውኝ ነበር፤ አንዱ ስለ ቃል፣ ሌላው ስለ ዓይን። እየቆየሁ ስሄድ ግን አንዱን ሳልነካ ሌላውን መንካት አቃተኝ።

ገበሬ ዘር የሚለው የትኛውን ነው? ከጎታው ገብስ ተለይቶ የተቀመጠውን ነው። የሚበላው ገብስና የሚዘራው ገብስ በመልክ አንድ ናቸው፤ ቢቀላቀሉ ማንም አይለያቸውም። ልዩነታቸው ያለው ገና ባልመጣው ክረምት ላይ ነው፤ አንዱ ያልቃል፣ ሌላው መሰሉን ያፈራል። ስለዚህ በማሳ ላይ «ዘር» ወደ ፊት የሚያይ ቃል ነው። ለጋብቻ ሲጠያየቁ ግን ቃሉ ፊቱን ያዞራል፤ ከማን ተወለደ፣ የማን ወገን ነው ይላል። አንድ ቃል ሁለት ፊት ይዞ ሲኖር ማንም ያልተቸገረው ሁለቱ ፊቶች ተለያይተው ስለማያውቁ ነው፤ መሰሉን የሚያፈራ ሁሉ ራሱም ከመሰሉ የመጣ ነውና። በአክስቴ ልጅ ራስ ውስጥ ሐኪሙ የጠረጠረው ነገር ግን ፊቶቹን ለያያቸው። ሦስት ቢሊዮን ያህል ፊደል ካለው ጽሑፍ ውስጥ አንዲት ፊደል፣ በአንዲት ሴል ውስጥ ብቻ፣ ተለወጠች፤ አይዲኤች የሚባለውን ዘረመል በሚጽፈው ሐረግ ላይ። ሴሏ ተከፈለች፤ ልጆቿም ያቺኑ የተለወጠች ፊደል ይዘው ተወለዱ፤ የልጆቿም ልጆች። ወደ ፊት ካዩት ከየትኛውም ገብስ የማያንስ ዘር ነው። ወደ ኋላ ሲያዩት ማንም የለም።

ይህን ለአንድ የቅኔ መምህር ነግሬያቸው ነበር። እሳቸው ወዲያው ወደ ሰዋስዋቸው ወሰዱት፤ «ዘመድ ዘር ነው ባዕድ ዘር?» አሉኝ። በግእዝ ትምህርት ከግሱ ከራሱ ፊደላት የሚወጣው ስም ዘመድ ዘር፣ ከውጭ ፊደል ተጨምሮበት የሚወጣው ባዕድ ዘር ይባላል። ከውጭ የገባ ፊደል እንደሌለ፣ የራሱ ፊደል አንዲቷ እንደተለወጠች ነገርኳቸው። «እንግዲያማ ዘር አትበለው፤ ግድፈት ነው» አሉ። ልክ ናቸው ብዬ ተቀመጥኩ። ጸሐፊ ሲገለብጥ አንዲት ፊደል ይስታል፤ ከዚያ ቅጂ የሚገለብጥ ሁሉ ግድፈቱንም አብሮ ይገለብጣል፤ ሁለት መጻሕፍት አንድ ዓይነት ግድፈት ካላቸው ከአንድ እናት መጽሐፍ እንደተቀዱ ይታወቃል። ማታ ላይ ግን ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። ግድፈት የሚባለው ልክ የሆነው ንባብ ምን እንደነበረ የሚያውቅ ሰው ሲኖር ነው። ሴሏ የምታውቀው ልክ ንባብ የላትም፤ ያላትን ትገለብጣለች። ግድፈት ያልነው እኛ ነን፤ ለእሷ ዘሯ ነው። እንዲህ ሳስብ የአክስቴ ጥያቄ እንደገና ቆመ።

«ማን አየው?» የሚለው ይብሳል። ልጁ ኤም አር አይ ወደሚባለው ማሽን ሊገባ ሲል አብሬው ነበርኩ። «ወንድሜ፣ ብረት ነክ ነገር ካለህ አውጣ፤ የአንገትህንም» አለው ባለሙያው። ልጁ እጁን ማተቡ ላይ አድርጎ ቀረ። ባለሙያው እንዲህ ያለ ነገር የለመደ ነው፤ «ክሩ ይቆይ፣ መስቀሉን ብቻ ነው» አለ። ቋጠሮው ግን የዓመታት ላብ ጠጥቶ ደርቋል፤ አልፈታ አለ። ይቆረጥ የሚል ሰው አልነበረም፤ ማተብ በምላጭ አይነካም። በመጨረሻ አክስቴ ጎንበስ ብላ በጥርሷ ፈታችው፤ መስቀሉን አውጥታ በመቀነቷ ቋጠረች፤ ክሩን መልሳ አሰረችለት። ከዚያ በሩ ተዘጋ፤ ከግድግዳው ወዲህ የሚሰማው የናፍጣ ወፍጮ ድምፅ ነበር።

እዚያ ውስጥ የሚሆነውን ላስረዳት የሞከርኩት በእንዝርት ነው። እንዝርት በደንብ ሲሾር ቆሞ ታየዋለህ፤ ዘንበል ሲል ደግሞ በራሱ መሾሩን ሳይተው ዘንጉ በአየር ላይ ክብ ይሠራል። ሰው ከግማሽ በላይ ውሃ ነው፤ አንጎል እንዲያውም ከአራት እጅ ሦስት እጁ። በውሃው ውስጥ ያለችው እያንዳንዷ የሃይድሮጅን እምብርት እንዲህ ያለች እንዝርት ናት። ማሽኑ ከምድር መግነጢስ ከ30 ሺህ እጥፍ በላይ በሚበረታ ጉልበት እንዝርቶቹን በአንድ ወገን ያሰልፋል፤ 1.5 ቴስላ በሚባለው ማሽን ውስጥ በሴኮንድ 64 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ክብ ይሠራሉ። ከዚያ በሬዲዮ ሞገድ ገፋ ያደርጋቸውና ይተዋቸዋል፤ ሲመለሱም ያዳምጣል። ልቅ የሆነ ውሃ ቀስ ብሎ ይመለሳል፤ በፕሮቲንና በስብ መካከል የተያዘ ውሃ ይፈጥናል። ምስል የምንለው ከዚህ መዘግየትና መፍጠን የተሠራ ሥዕል ነው። አክስቴ እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «እና ውሃውን ነው ያዩት?» አለች። አዎን፣ ውሃውን ነው። በምስሉ ላይ አንዲት ነጥብ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ናት፤ በውስጧ እጅግ ብዙ ሺህ ሴሎች አሉ፤ አንዲት ፊደል እዚያ የምትታይበት መንገድ የለም።

ሐኪሙ ታዲያ ምን አይቶ ነው? ሁለት ሥዕል ጎን ለጎን ነው ያየው። በአንደኛው ውሃ ሁሉ ያበራል፤ ዕጢውም ከዳር እስከ ዳር ነጭ ሆኖ ወጥቷል። ሁለተኛው፣ ፍሌር የሚሉት፣ ልቅ ውሃ ብርሃኑን እንዲያጣ ተደርጎ የሚነሣ ነው፤ በዚህ ላይ ያው ዕጢ መሀሉ ጨልሞ ዙሪያው ብቻ እንደ ቀለበት በርቷል። ሥዕሎቹ አልተስማሙም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ይህ አለመስማማት የአንድ ዓይነት ዕጢ ምልክት እንደሆነ አሳየ፤ አስትሮሳይቶማ የሚባለው፣ የአይዲኤች ለውጥ ያለበት። ምልክቱ ከተገኘ ፍርዱ እምብዛም አይስትም፤ በኋላ ጥቂት ያሳሳቱ ተገኝተዋል። አለመገኘቱ ግን ምንም አይናገርም፤ ለውጡ ካለባቸው ብዙዎቹ ምልክቱን አያሳዩም። ጭስ ካየህ እሳት አለ ትላለህ፤ ጭስ ስላላየህ እሳት የለም ግን አትልም፤ የተዳፈነ ፍም አለና። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ከምድጃችን የራቀ አይደለም። የሚከብደው ቀጥሎ ነው፦ ጭስና እሳትን ሺህ ጊዜ አብረው አይተናቸዋል፤ ፊደሏን ግን በዓይኑ ያየ ሰው የለም። በቤተ ሙከራም ቢሆን የሚታየው በሥጋው ላይ የተቀባ ቀለም ወይም በመሣሪያ የተቆጠረ ብርሃን ነው፤ እሱም ምልክት ነው። ምልክት በምልክት እየተመሰከረ ይሄዳል። እንግዲያ «አየሁ» የሚለው የሐኪሙ ቃል ሐሰት ነው? አይመስለኝም። የእኔም ዓይን ብርሃንን እንጂ ድንጋዩን አይነካም፤ «ድንጋይ አየሁ» ስል ግን ማንም አይከሰኝም። ምናልባት ማየት የምንለው መገመታችንን የረሳነውን ግምት ነው። ይህን ጽፌ ደስ አለኝ፤ ቆይቼ ግን ተጠራጠርኩት። አክስቴ ልጇ ሲወድቅ ስታይ የረሳችው ግምት አልነበረም።

በዘመናችን አንድ ነገር ሳይስተዋል ተገልብጧል። ዱሮ ዕጢ የሚሰየመው በመልኩ ነበር፤ በአጉሊ መነጽር ሥር ሴሎቹ ኮከብ ይመስላሉ ከተባለ ስሙ ከኮከብ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 የዓለም ጤና ድርጅት የአንጎል ዕጢዎችን ሲመድብ ዘረመሉን በስሙ ውስጥ አስገባ፤ በ2021 ይበልጥ አጸናው። መልካቸው አንድ የሆነ ሁለት ዕጢዎች ዘረመላቸው ከተለያየ ስማቸው ተለያየ፤ ከስሙ ጋር የሕይወት ተስፋውም ተለያየ። ስም ከመልክ ወደ ዘር ተሻገረ ማለት ነው። የሚገርመው ስሙ ከመልክ ከተላቀቀ በኋላ ምስል አንባቢዎች ያንኑ ዘር በመልክ ውስጥ ለመፈለግ መውጣታቸው ነው። መልክ አይታመንም ብለን ትተነው፣ መልሰን በሩን አንኳኳን።

ምሥራቅና ምዕራብ ጎጃም ያደገ ሰው ሁሉ የሚሰማው የግሽ ዓባይ ትውፊት እዚህ ላይ ይመጣብኛል። አቡነ ዘርዐ ቡሩክ ተይዘው ወደ እስር ሲሄዱ መጻሕፍታቸውን ለውሃው አደራ ሰጡ፤ ከዓመታት በኋላ ተመልሰው ሲጠሩት ውሃው መጻሕፍቱን አንዲት ፊደል ሳትረጥብ አውጥቶ ሰጣቸው። ግሽ የሚለው ስም ከዚያ መጣ፣ «አውጣ፣ ትፋ» እንደ ማለት ነው ይላሉ። የጻድቁ ስም ራሱ «የተባረከ ዘር» ማለት መሆኑን ሳስታውስ፣ ዘርና ውሃና ጽሑፍ በአንድ ታሪክ ውስጥ ተሰብስበው እያለ ሌላ ምሳሌ መፈለግ ምንኛ ሞኝነት ነው እላለሁ። ወዳጆቼም ይህን ስነግራቸው «ይኸው፣ አባቶቻችን ኤም አር አይን ቀድመው አውቀውታል» ይሉኛል። ይህን ዓይነት ነገር አልወደውም፤ ለአባቶችም ለማሽኑም ክብር አይሆንም። ደግሞም ታሪኩን በደንብ ካደመጡት የሚናገረው ተቃራኒውን ነው። በግሽ ተአምሩ ውሃው ጽሑፉን አለመንካቱ ነው፤ ቀለም አልለቀቀም፣ ውሃው አልጠቆረም፤ ውሃውን በማየት ብቻ መጽሐፍ በውስጡ እንዳለ ማንም ሊያውቅ አይችልም ነበር። በዕጢው ውስጥ ግን የምናውቀው ተአምር ስለሌለ ነው። ጽሑፉ ውሃውን ነካው፤ ሴሎቹ እንዲህ እንዲቀመጡ፣ በመካከላቸው ይህን ያህል ልቅ ውሃ እንዲያዝ አደረገ። ማሽኑ የሚያነበው መጽሐፉን ሳይሆን የጠቆረውን ውሃ ነው።

ውሃው የሚጠቁርበት መንገድ ሁሉ ግን አንድ አይደለም፤ እኔ ይህን ለመለየት ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል። ፍሌር ያሳየው የመልክ ምልክት ነው፤ በፊደሏና በቀለበቱ መካከል ብዙ ያልተነገረ መንገድ አለ። ከዚህ የሚቀርብ ሌላ አለ። አይዲኤች ግላዮማ በሚባሉት የአንጎል ዕጢዎች ውስጥ እንደሚለወጥ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው፤ በዓመቱ የተለወጠው ዘረመል ምን እንደሚሠራ ተገኘ፤ ቱ-ሃይድሮክሲግሉታሬት የሚባል፣ በጤናማ አንጎል ውስጥ ከኢምንት የማይበልጥ ነገር ያመርታል። በ2012 ደግሞ ተመራማሪዎች ይህንኑ ነገር የራስ ቅል ሳይከፈት በማሽኑ ለኩት። ስፔክትሮስኮፒ የሚሉት ይህ ዘዴ የሚያወጣው እንደ ጮቄ ሰንሰለት ከፍ ዝቅ የሚል መስመር ነው፤ አንዷ ትንሽ ጉብታ የዚያ ነገር ናት። በአጠገቧ ያሉት ትልልቅ ጉብታዎች ይጋርዷታል፤ ብርቱ ማሽንና ብዙ ትዕግሥት ትፈልጋለች። ቢሆንም በዓይነቱ ሌላ እውቀት ነው። የመጀመሪያው ሰውን በመልኩ አይቶ «የእገሌ ልጅ ሳይሆን አይቀርም» እንደ ማለት ነው፤ ይህ ግን ከምንጩ የፈሰሰውን ታች ወርዶ መቅመስ ነው። መልክ ይመሳሰላል፤ ጣዕሙ ከአንድ ምንጭ ብቻ የሚወጣ ከሆነ ግን ምንጩ እጅህ ላይ ነው ማለት ይቻላል።

ሦስተኛው ዘዴ ዛሬ የሚወራለት ነው፤ ለኮምፒዩተር የብዙ ሕሙማን ምስልና የዘረመላቸውን ውጤት ሰጥቶ ማስለመድ። ኮምፒዩተሩ ለምን እንዳለ አይናገርም፤ እንዲህ ያለ ሥዕል እንዲህ ካለ ዘረመል ጋር ይሄዳል ብቻ ይላል። ለአይዲኤች ጥሩ ይሠራል። ኤምጂኤምቲ የሚባለው ዘረመል ግን ሌላ ነው፤ በዚያ የሚፈለገው የተለወጠ ፊደል አይደለም፤ ዘረመሉ ዝም መሰኘቱ ነው፤ ዝም ካለ ቴሞዞሎማይድ የሚባለው መድኃኒት የበለጠ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2021 ይህን ዝምታ ከምስል ለመለየት ከመላው ዓለም ከሺህ በላይ ቡድኖች ተወዳደሩ፤ ያሸነፈው 0.62 ያህል አመጣ። ሳንቲም እየወረወረ የሚገምት 0.5 ያመጣል። ዘር ሁሉ መልክ አይሰጥም ማለት ነው፤ ዝም ያለውን ውሃም አያወጣው። ኮምፒዩተሮቹ የለመዱት ደግሞ በአብዛኛው በአውሮፓና በአሜሪካ ሕሙማን ነው፤ በ2023 ከአፍሪካ፣ በተለይም ከናይጄሪያ፣ የተሰበሰቡ ምስሎች ተጨምረዋል። ልማድ የለመደበትን አገር ነው የሚያውቀው፤ ይህን የሰከላ ሰው በበሬ ግዥ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ምንጭ ልምጣ፤ ከላይ በዋዛ ተናገርኩትና። ሚስዮናዊው ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618 ግሽ ላይ ቆሞ የዓባይን ምንጭ አየሁ አለ፤ ተጓዡ ጄምስ ብሩስ በ1770 እዚያው ቆሞ እኔ ነኝ ያየሁት፣ ፓኤዝ አላየም አለ። ሰከላ ለሚኖረው ገበሬ ምንጩ ጠፍቶ አያውቅም። (ኤም አር አይም ራሱ የምንጭ ጠብ አለበት፤ ዳማዲያን እ.ኤ.አ. በ1971 የዕጢ ውሃ አመላለሱ እንደሚለይ በአይጥ አሳየ፤ ሎተርበር በ1973 ምስሉን አወጣ፤ በ2003 የኖቤል ሽልማቱ ለሎተርበርና ለማንስፊልድ ሲሰጥ ዳማዲያን ጋዜጣ ላይ ሙሉ ገጽ ገዝቶ ጮኸ።) ግን ምንጩ ማለት ምንድን ነው? ከግሽ የምትወጣው ግልገል ዓባይ ጣና ትገባለች፤ ጣና ሌሎችም ወንዞች ይገቡበታል። ከጣና የሚወጣው ውሃ ደግሞ ዓባይ ድንበር ሲሻገር ከያዘው ከአሥር እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም፤ የቀረውን በሸሎ፣ ጀማ፣ ሙገር፣ ጉደር፣ ዴዴሳ፣ ዳቡስ እያሉ ያቀብሉታል። ሱዳን የደረሰውን ውሃ በጽዋ ቀድተህ «ይህ የግሽ ነው» ብትል በብዛት ትዋሻለህ። በስም አትዋሽም። ምንጭ የምንለው ብዙ ውሃ የሰጠውን አይደለም፤ ያለ እሱ ወንዙ ይህ ወንዝ የማይባለውን ነው። ይህ ፍቺ ያጠግባል ብዬ ነበር፤ ያለ ግሽም ግን በሸሎ ይፈስሳል።

ዕጢም እንዲሁ ነው። የአይዲኤች ለውጥ ቀድሞ የሚመጣ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ሌሎች ለውጦች በየሸለቆው ይገቡበታል፤ ዓመታት ያለፉት ዕጢ አንድ ዘር ያለው ማሳ ሳይሆን ልዩ ልዩ ቡቃያ የተቀላቀለበት ነው። «የዚህ ዕጢ ዘር አይዲኤች ነው» ማለት እንግዲህ እውነት ነው ወይስ አጠራር? ለዚህ በሐሳብ ብቻ መልስ የሚገኝ አይመስለኝም ነበር፤ መልስ የሚመስል ነገር ያየሁት መድኃኒት ውስጥ ነው። ቮራሲዴኒብ የሚባል እንክብል የተለወጠውን አይዲኤች ሥራ ያስቆማል። እ.ኤ.አ. በ2023 ውጤቱ በታተመው ጥናት፣ ገና ቀስ ብሎ የሚያድግ ዕጢ ያለባቸውና ከቀዶ ጥገና በቀር ሌላ ሕክምና ያልወሰዱ ሰዎች፣ ዕጢው ሳይገሰግስ የቆየው በመካከለኛ ግምት 27.7 ወር ሆነ፤ እንክብሉን ያልወሰዱት ላይ 11.1 ወር። በ2024 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። እንዲህ ያለው መድኃኒት በበረቱት ዕጢዎች ላይ ግን ይህን ያህል አልሠራም። ገባሮቹ ሳይቀላቀሉ ምንጩን የገደበ ወንዙን ያዘገየዋል፤ ሱዳን ላይ ቆሞ ግሽን የሚደፍን ግን ለጽዋው የሚያጎድለው ጥቂት ነው። ስለዚህ «ዘሩ ይህ ነው» የሚለው ቃል እውነትነቱ ጊዜ አለው፤ ቀን ያልፍበታል። አንድ ነገር ምንጭ መሆኑን ሊያቆም ይችላል፤ ያ ነገር ራሱ ግን ሳይለወጥ እዚያው አለ። ይህን ሐሳብ ከየትኛው ወገን እንደምይዘው እስካሁን አላወቅሁም።

አክስቴ ይህን ሁሉ አልሰማችም። እሷ የጠየቀችው ሐኪሙ «ተከፍቶ መውጣት አለበት፤ ሥጋውም መመርመር አለበት» ባለ ጊዜ ነው። «ልጄ፣ አይተኸዋል አላልክም? ያየኸውን ለምን ትቆርጠዋለህ?» ሐኪሙ ብዙ ሊል ይችል ነበር። ያለው አጭር ነው፦ «እማማ፣ እኔ ያየሁት ውሃውን ነው።» ከዚህ የተሻለ መልስ በየትም አላነበብኩም። ቢላዋ ግን ከውሃው የበለጠ ያያል ወይ? ቢላዋው ይነካል፤ የሚነካው ግን አንድ ቦታ ነው፤ ቡቃያው በተቀላቀለበት ማሳ አንዱን ጥግ ነቅሎ ስለ ሌላው ጥግ መፍረድ አለበት። ምስሉ ዳር እስከ ዳር ያያል፤ አይነካም። ሁሉን የሚያየው ሩቅ ነው፤ የሚቀርበው ጥቂት ያያል፤ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል ማለት ቀላል ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሁለቱ ሲለያዩ ዳኛው ማን እንደሆነ ነው። ሦስተኛ ዓይን የለንም።

ልጁ አዲስ አበባ ተከፈተ። አገሪቱ የራሷን የአንጎል ቀዶ ሐኪሞች በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማሠልጠን የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ ልጁ የተወለደበት ዘመን ቢሆን ይህንንም ዕድል ባላገኘ። ሥጋው በአጉሊ መነጽር ታየ፤ አስትሮሳይቶማ ተባለ። የዘረመሉ ምርመራ አልተደረገም። ስለዚህ ፊደሏን እስከ ዛሬ ማንም አላነበባትም፤ ያለን የባሕር ዳሩ ሐኪም ያያት ነጭ ቀለበት ብቻ ናት። የሚገርመው ሁላችንም እንደ ተነበበች አድርገን መኖራችን ነው። ክትትሉ በዚያ ይመራል፤ ተስፋችንም፤ አክስቴ ለሽማግሌዎች «ከወገን የመጣ አይደለም» ስትል ምስክሯ ያቺው ቀለበት ናት። ያልተረጋገጠ እውቀት እውቀት አይደለም ያሉኝን መምህራን ሳስታውስ፣ በሰከላ አንድ ቤት ሙሉ በላዩ ላይ ቆሞ አልወደቀም እላቸዋለሁ።

ልጁ ለመውደቁ የታዘዘለትን መድኃኒት ይውጣል፤ ከወደቀ ቆየ። ጸበሉንም አልተወም፤ ቁርስ ሳይቀምስ በማለዳ ወደ ምንጩ ይወርዳል፤ መስቀሉም ከነክሩ አንገቱ ላይ ተመልሷል። ፊልሙ በትልቅ ቡናማ ፖስታ ሆኖ ጭስ እንዳያገኘው ከጓዳ በር በላይ፣ ከማርያም ሥዕል ኋላ ተሰክቷል። ባለፈው ክረምት ሄጄ ሳለሁ ጎረቤት ሊጠይቅ መጣ፤ አክስቴ ሳይለምኗት ፖስታውን አወረደች፤ ፊልሙን መዘዘችና ወደ በሩ ብርሃን አነሣችው። ሰዎቹ ተሰበሰቡ። ጥቁሩ ወረቀት ላይ ሃያ የሚሆኑ ትናንሽ ጭንቅላቶች ተደርድረዋል። «ዘሩ የቱ ነው?» አለ አንዱ፤ ወሬው ደርሶታል።

«እሱን ሐኪሙ ነው የሚያውቀው» አለች፤ ጣቷም ከታች ካሉት ሥዕሎች በአንዱ ላይ ሄዶ ሁለት ነጫጭ ክቦች ላይ ቆመ። «ይኸውላችሁ ዓይኖቹ።»